የእማማ ሣጥን የሚሸት ወይን

እትዬ ሁለተኛውን ብርጭቆ አሸተተችና ዝም አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል ብላ፣ «ይሄ የሳል ሽሮፕ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። በሹክሹክታ የተናገረች መስሏታል። አጠገባችን ያለው ጠረጴዛ ሁሉ ዞር አለ። ደግነቱ አማርኛ የሚሰማ አልነበረም።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። ጡረታ ስትወጣ «አንድ ቦታ ውሰደኝ፤ ባሕር ይኑረው፣ ብዙ አያራምደኝ» አለች። እኔም ፖርቱጋል ያለችውን ፖርቶን መረጥኩ። ባሕሩ አለ። የማያራምደውን ነገር በተመለከተ ግን እስከ ዛሬ ታፋጥጠኛለች። ከተማው ዳገትና ደረጃ ብቻ ነው።

ስለ ፖርት ወይን ከዚያ በፊት የማውቀው አንድ ነገር ነበር። በስጦታ የመጣ ጠርሙስ ቡፌ ላይ ተከፍቶ ይቀመጣል። በዓል ሲመጣ ትንሽ ይቀዳለታል። ይጣፍጣል፣ ይጣብቃል፣ በቃ። አሁን ሳስበው ለዓመታት ስፈርድ የኖርኩት የሞተ ወይን ላይ ነው። ሩቢ የሚባለው ዓይነት አንዴ ከተከፈተ በሳምንታት ውስጥ ይደክማል። እኛ ዓመት ሙሉ እናቆመዋለን፣ ከዚያ «ፖርት ማለት ይሄ ነው» እንላለን።

ወንዙ ዶውሮ ይባላል። እትዬ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ዶሮ ወንዝ» ብላዋለች፣ ላርማትም አልቻልኩም። ፖርቶ በሰሜኑ ዳር፣ ቪላ ኖቫ ዴ ጋያ ደግሞ በደቡቡ ዳር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። መሐላቸው በ1886 የተከፈተ (እዚህ የምጠራው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው) ባለሁለት ፎቅ የብረት ድልድይ አለ። ጋያ ስትደርስ ጣሪያ ለጣሪያ የወይን ቤቶች ስም በትልልቁ ተጽፎ ታያለህ። ቴይለር፣ ግራሃም፣ ሳንደማን፣ ኮክበርን። ፖርቱጋል ውስጥ ነው ያለሁት ወይስ እንግሊዝ? ነገሩ የድሮ ንግድ ነው። በ1703 ሁለቱ አገሮች በተፈራረሙት ውል የፖርቱጋል ወይን እንግሊዝ ሲገባ ቀረጡ ከፈረንሳይ ወይን ቀነሰ። ነጋዴዎቹም መጥተው እዚሁ ቤት ሠሩ።

ወይኑ ግን ጋያ ላይ አይበቅልም። የሚበቅለው ወንዙን ሽቅብ ተከትለህ፣ ሐሩርና ድንጋይ ያለበት ሸለቆ ውስጥ ነው። ከተጠመቀ በኋላ ወደ ጋያ የሚወርደው አየሩ ከውቅያኖሱ የተነሳ ቀዝቀዝና ረጠብ ስለሚል ነው። በርሜል ውስጥ ለሚያረጅ ወይን ይሄ ይመቻል። ድሮ በርሜሉ የሚወርደው ራቤሎ በሚባል ጠፍጣፋ የእንጨት ጀልባ ነበር። ዛሬ ጀልባዎቹ ወንዙ ዳር ታስረው ፎቶ ይነሳባቸዋል፣ ወይኑ በመኪና ይመጣል።

ወደ ብርጭቆው ልመለስ። የሚቀዳልን ሽበታም፣ ነጭ ሸሚዝ ላይ ጥቁር ሽርጥ ያሰረ ሰውዬ ነበር። አምስት ትንንሽ ብርጭቆ ደረደረልን። መጀመሪያ ነጩ ፖርት መጣ። እውነቱን ለመናገር ለብቻው አልያዘኝም። ከዋዜማው ማታ ወንዝ ዳር በቶኒክ ውኃ፣ በብዙ በረዶና በብርቱካን ቁራጭ ጠጥተነው ግን ጥሩ ነበር። ነጩን እዚያው ቶኒኩ ጋ ልተወው።

ሁለተኛው ሩቢ ነው፣ ሽሮፕ የተባለው። ቀለሙ የበሰለ እንጆሪ ተጨፍልቆ የተጠራቀመ ይመስላል። እኔ ቼሪና ፕሪም ሸተተኝ፣ ከኋላው ቁንዶ በርበሬ ነገር። አፍ ውስጥ ሲገባ ጣፋጭ ነው፣ ከዚያ ጉሮሮ ላይ ሞቅ ያደርጋል። እትዬ ሰውየውን ጠየቀችው። እኔ ነኝ ያስተረጎምኩት። «ስኳር ስንት ኪሎ ጨምራችሁበት ነው?»

ሰውየው ጥያቄው የተመቸው ይመስላል። ጠርሙሱን አስቀመጠና በእጁ እያሳየ ነገረን። ወይኑ ተጨምቆ መብላላት ሲጀምር እርሾው ስኳሩን እየበላ ወደ አልኮል ይቀይረዋል። ሁለት ሦስት ቀን ይተዉታል። ስኳሩ ግማሽ ያህል ሲቀር 77 በመቶ አልኮል ያለው ከወይን የወጣ አረቄ ይከልሱበታል። እርሾው ያን አይችልም፣ ይሞታል። ያልተበላው ስኳር እዚያው ይቀራል። ከአምስት እጅ አንዱ እጅ ገደማ አረቄ ነው ማለት ነው። በመጨረሻ አልኮሉ ከ19 እስከ 22 በመቶ ይሆናል። «ስኳሩ የፍሬው ነው እመቤቴ፣ የጨመርንልዎ አረቄውን ብቻ ነው» አላት።

እትዬ አሰበችበት። «እርሾውን አስክረው ገደሉት በለኛ» አለችኝ። ይሄን አላስተረጎምኩም።

ሦስተኛው ሌት ቦትልድ ቪንቴጅ ነው። ከአንድ ዓመት መከር ብቻ ይሠራል፣ ከ4 እስከ 6 ዓመት በእንጨት ይቆይና ጠርሙስ ይገባል። ከሩቢው ጠንከር ይላል። ጥቁር ቸኮሌትና ልጣጩ ያልተላጠ ፕሪም ነው፣ ትንሽም ድድ ይይዛል። በቂ ነው፣ አልፈዋለሁ። አራተኛውን፣ በርሜል ውስጥ ያረጀውን የ10 ዓመት ቶውኒም አልፈዋለሁ፤ እዚያው በሰጡን ትንሽ የእንቁላል ክሬም ኬክ፣ ፓስቴል ዴ ናታ በሚሉት፣ ብዙ ረድቶታል። የኬኩ የተቃጠለ አናትና የወይኑ የተቃጠለ ስኳር አንድ እናት የወለዳቸው ይመስላሉ።

የ20 ዓመቱ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሰውየው ከፍሪጅ ነው ያወጣው። ይሄ ራሱ ገረመኝ። ቶውኒ ቀዝቀዝ ሲል አረቄው አፍንጫ አይመታም አለን። ቀይ አይደለም። መሐሉ ላይ የቆየ ማር ነው፣ ጠርዙ ላይ ነሐስ ይመስላል። ብርጭቆውን ነጭ ናፕኪን ላይ አዘንብዬ ስይዘው ከወይኑ ጀርባ ጣቴ ይታየኛል። ሩቢው ላይ ጣትህን ሳይሆን ክንድህንም ብትደብቅ አይታይም። አፍንጫዬን ሳስጠጋ መጀመሪያ የተቆላ ለውዝ መጣ። ከዚያ የደረቀ በለስ፣ ዘቢብ፣ ትንሽ ቀረፋ። ቀምሼ ከዋጥኩት በኋላ እንኳ የብርቱካን ልጣጭ ምሬት የመሰለ ነገር ምላሴ ላይ ቆየ። ቆየ ስል እውነት ቆየ፤ ሰዓቴን አላየሁም እንጂ እትዬ ቦርሳዋን ከፍታ መነጽሯን ፈልጋ አግኝታ እስክታደርግ ድረስ አልጠፋም። የእሷን ቦርሳ የሚያውቅ ያውቀዋል።

እትዬ ዓይኗን ጨፍና አሸተተች። ደግማ አሸተተች። «የእማማ ሣጥን!» አለች።

እማማ አያታችን ናት። ሣጥኗ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ነው የሚከፈት። ሲከፈት አብሮ የሚወጣ ሽታ አለ። ያረጀ እንጨት፣ ቅርንፉድ፣ ተጣጥፎ የከረመ ነጠላ፣ ከሥር ደግሞ ለእኛ የተደበቀ ከረሜላ። እትዬ ካለች በኋላ እኔም ሌላ ነገር መሽተት አቃተኝ። ለውዙም በለሱም ጠፉ። ሣጥኑ ብቻ ቀረ።

ለሰውየው አስረዳሁት። ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። «ሣጥኑ ከምን እንጨት ነው?» ብሎ ጠየቀ። እኔና እትዬ ተያየን። አናውቅም። እሱም ወደ ኋላ ይዞን ሄደና በርሜሎቹን አሳየን። ኦክ ናቸው፣ ግን ያረጁ ናቸው። ሆን ተብሎ። አዲስ እንጨት ጣዕሙን ለወይኑ ይሰጣል፣ እነሱ ደግሞ ያን አይፈልጉም። የሚፈልጉት አየሩን ነው። በእንጨቱ በኩል ትንሽ ትንሽ አየር ይገባል፣ ወይኑ ትንሽ ትንሽ ይተናል፣ ቀይ ቀለሙ እየሳሳ ወደ ነሐስ ይሄዳል፣ የትኩስ ፍሬው ጣዕም ወደ ደረቅ ፍሬና ወደ ለውዝ ይዞራል። ቤቱ ጨለማና እርጥብ ነበር። አሸዋ የፈሰሰበት ወለል ላይ ስንሄድ የሚሰማው የእግራችን ድምፅ ብቻ ነው።

እዚያ በርሜል አጠገብ ቆሜ ነው ነገሩ የገባኝ። መደርደሪያ ላይ ያለው የስም ብዛት ያደናግራል እንጂ ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፤ ወይኑ ያረጀው አየር እያገኘ ነው ወይስ ታፍኖ? በርሜል ውስጥ ያረጀው ቶውኒ ነው፤ አየሩን ስለለመደ ጠርሙሱ ከተከፈተ በኋላም አንድ ሁለት ወር ይችላል። ቪንቴጅ የሚባለው ደግሞ በርሜል ውስጥ ከ2 እስከ 3 ዓመት ብቻ ቆይቶ ጠርሙስ ይገባና እዚያ ታፍኖ ለአሥርት ዓመታት ያረጃል። ስለዚህ ሲከፈት ቶሎ መጠጣት አለበት። ቶውኒው ላይ የተጻፈው 10፣ 20፣ 30፣ 40 ደግሞ የልደት ቀን አይደለም። የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ወይኖች ተደባልቀው የዚያን ዕድሜ ጠባይ ያመጡ እንደሆነ ነው። ከዚህ ውጭ ኮልየይታ የሚባል አለ። እሱም ቶውኒ ነው፣ ግን የአንድ ዓመት መከር ብቻ ነው፣ ቢያንስ 7 ዓመት በእንጨት ይቆያል። ዓመቱ ጠርሙሱ ላይ ይጻፋል። ይህን የመጨረሻውን ያዙልኝ፣ በኋላ ያዋረደኝ እሱ ነው።

በማግስቱ በባቡር ሽቅብ ወጣን። ከሳዎ ቤንቶ ጣቢያ ተነስተህ ወደ ፒንያዎ ስትሄድ በቀኝ በኩል ተቀመጥ፤ ወንዙ በዚያ በኩል ነው። እኛ በግራ ተቀምጠን ግማሹን መንገድ የሰው ጭንቅላት አየን። ተራራው ሁሉ እርከን እርከን ነው። አፈር የሚባል ነገር እምብዛም የለም፤ ሽስት የሚባል ንብርብር ድንጋይ ነው፣ የወይኑ ሥር በስንጥቁ ገብቶ ውኃ ይፈልጋል። ይህ አካባቢ በ1756 በሕግ ድንበሩ የተለየ ነው። ከዚህ ድንበር ውጭ ከበቀለ ፍሬ የተሠራ በአውሮፓ ሕግ ፖርት አይባልም።

መከሩ አልፎ ስለነበር ላጋር የሚሉት የግራናይት ገንዳ ታጥቦ ደርቆ ነው ያገኘነው። ወገብ አይደርስም፣ ግን ሰፊ ነው። በመከር ጊዜ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው፣ እግራቸውን ታጥበው ገብተው ወይኑን ይረግጣሉ። የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት እንደ ወታደር በትእዛዝ፣ ግራ ቀኝ እየተባለ። ከዚያ ሙዚቃ ይመጣና እንዳሻቸው ይጨፍራሉ። ለምን በእግር? መብላላቱ ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ስለሆነ ቀለሙንና ጣዕሙን ከልጣጩ በፍጥነት ማውጣት ያስፈልጋል፣ የእግር መዳፍ ደግሞ ፍሬውን ጨፍልቆ መራራውን ዘር አይሰብርም። ዛሬ የእግርን ሥራ የሚሠራ ማሽን አለ። ያም ሆኖ በእግር የሚያስረግጡ ቤቶች አሁንም አሉ። እትዬ ጫማዋን አውልቃ ባዶው ገንዳ ውስጥ ገብታ ፎቶ ተነሳች። ብዙ አያራምደኝ ያለችው ሴትዮ ናት።

ጀልባ ላይ አስጎብኚያችን የነገረን አንድ ታሪክ አለ። ፎሬስተር የሚባል እንግሊዛዊ ነጋዴ ነበር፣ የወንዙን ካርታ የሠራ ሰው። ወይኑ ላይ አረቄ መጨመርን አጥብቆ ይቃወም ነበር። በ1861 ቫሌይራ በሚባለው ሸለቆ ጀልባው ተገልብጦ ሰጠመ። አብራው የነበረችው የወይን ባለሀብቷ ዶና አንቶኒያ ፌሬራ ግን ዳነች። እሱን ወገቡ ላይ የታጠቀው ገንዘብ አሰመጠው፣ እሷን የተነፋ ቀሚሷ አንሳፈፋት ይባላል። ሰውየው ቢሸነፍም አልፈርድበትም። ሩቢውን ቀምሼ እኔም ለአፍታ ከእሱ ጋር ነበርኩ።

አሁን ወደ ውርደቱ። በሦስተኛው ቀን ማታ ለመኝታ ቤታችን አንድ ጠርሙስ ልገዛ ወጣሁ። እትዬ የሣጥኑን ነገር ስለወደደች ኮልየይታ እገዛላታለሁ ብዬ ነው። መደርደሪያው ላይ 2003 የሚል ጥቁር ጠርሙስ አየሁ። ዓመት አለው፣ ኮልየይታም ዓመት አለው። ዋጋው አስደነገጠኝ፤ ውድ ከሆነ ጥሩ ነው ብዬ ከፈልኩ። ሻጩ የኪሴን እንጂ የልቤን አልጠየቀኝም። ጠርሙሱን ጀርባዬ ላይ ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ያን ሁሉ ደረጃ ዘለል ዘለል እያልኩ ወጣሁ።

ስከፍተው ቡሹ ግማሹ ተሰብሮ ቀረ። የቀረውን በቢላ ጫፍ አወጣሁ። ቀዳሁ። ጥቁር ቀይ፣ የደፈረሰ። እትዬ ተጎነጨችና ምላሷን በጣቷ ጠረገች። «አንተ፣ ይሄ ጉሽ ነው! አተላውን ነው እንዴ የሰጡህ?»

ጠርሙሱን አዙሬ አነበብኩ። ቪንቴጅ። ታፍኖ የሚያረጀው። ሳይጣራ ነው ጠርሙስ የሚገባው፣ ስለዚህ በዓመታት ውስጥ አተላ ይጥላል። አንድ ቀን ሙሉ አቁመህ፣ አተላው ሲዘቅጥ ቀስ ብለህ ወደ ሌላ ዕቃ ታጠልለዋለህ። እኔ ደግሞ ደረጃ ላይ ንጬዋለሁ። እንደ ቅቤ።

ልደፋው ነበር። እትዬ ጠላ ስታጠልል ያደገች ሰው ናት፣ እጄን ያዘችኝ። «ይቀመጥ፣ ይዘቅጣል» አለች። የቀረውን የቡሽ ቁራጭ በፌስታል ጠቅልላ አፉን ደፈነችው። ጠረጴዛ ጥግ አቆመችውና ማንም እንዳይነካው ብላ ተኛች። ማንም ማለት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ማታ ኩሽናው ውስጥ የሻይ ማጥለያ አገኘች። ጠርሙሱን ሳታናውጥ አነሳችውና በአንድ እጇ አዘንብላ፣ ሳታቋርጥ፣ ክር በመሰለ ፍሰት ወደ ጆግ ገለበጠችው። ስልኬን አብርቼ ከጠርሙሱ አንገት ጀርባ እንድይዝላት አደረገች። ወይኑ ጥርት ብሎ ይወርዳል። ከዚያ አንድ ጥቁር መስመር አንገቱ ላይ ሲደርስ «በቃ!» ብላ ቀና አደረገችው። የዚህን ሙያ ስም ያወጡለት የወይን ሰዎች ከእሷ በምን እንደሚበልጡ አላውቅም።

ያው ወይን አልመስል አለኝ። ሃያ ዓመት ያለፈው ነው፣ ግን አላረጀም። የ20 ዓመቱ ቶውኒ ሽማግሌ ነው፣ ረጋ ብሎ ያወራል። ይሄኛው አርባ ዓመት የሞላው ጎልማሳ ነው፣ አሁንም ይከራከራል። ጥቁር ፕሪም፣ የትንባሆ ቅጠል፣ ትንሽ የቆዳ ሽታ። ፍሬው ገና አለ፣ ግን ጥጉ ለስልሷል። ሴራ ዳ ኢሽትሬላ ከሚባለው ተራራ የሚመጣ የበግ አይብ ገዝተን ነበር፣ አናቱ ተቆርጦ በማንኪያ የሚጨለፍ፣ ጨው ጨው የሚል። አይቡና ወይኑ ሲገናኙ እትዬ ዝም አለች። እሷ ዝም ካለች ጥሩ ነው ማለት ነው።

«ከሣጥኑ ይበልጣል?» አልኳት።

«አይበልጥም። ግን ከሽሮፑ ይበልጣል።»

እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ቪንቴጅ ትልቁ ስም ያለው እሱ ነው፣ ሰው ስለ 1963 እና ስለ 1994 መከር ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አይፈረድበትም። ለእንደኔ ዓይነቱ ጀማሪ ግን ገንዘቡም፣ ማቆሙም፣ ማጥለሉም፣ በሁለት ቀን መጨረሱም ሥራ ነው። ቶውኒ ትከፍተዋለህ፣ ትቀዳለህ፣ መልሰህ ትከድነዋለህ፣ ፍሪጅ በር ላይ ይጠብቅሃል። ከመሄዳችን በፊት የ40 ዓመቱንም አንድ ብርጭቆ ለሁለት ቀምሰናል። ወፍራም ነው፣ የቡና ጠብታና የተቃጠለ ስኳር፣ ጫፉ ላይ እንደ ቫርኒሽ የሚወጋ ነገር። አከበርኩት። ሁለተኛ ግን አላዘዝኩም።

አየር ማረፊያ ላይ እትዬ ራሷ ሄዳ የ20 ዓመቱን ገዛች። ይሄኛው መክደኛው በእጅ የሚነቀል፣ አናቱ ፕላስቲክ ያለው ቡሽ ነው። ሦስት ጊዜ አረጋገጠች፤ «ዓመት የለውም አይደል? ቁጥር ብቻ ነው አይደል?»

ባለፈው እሑድ ደወልኩላት።

«ጠርሙሱስ አለቀ?»

«ምን ያልቃል፣ ሣጥን ውስጥ ቆልፌበት።»

«ፍሪጅ አላልኩሽም?»

«ፍሪጅማ ልጆቹ ይከፍቱታል። ይልቅ ከተከፈተ ሁለት ወር ብለኸኝ የለ? ሐሙስ ይሞላዋል። ና።»